የማግኔት ፊልተር ምንድን ነው? ለደሴና ለኮምቦልቻ ካሜራ ሰዎች

የማግኔት ፊልተር ሌንስ ፊት ላይ የሚገጠም መስታወት ነው፤ ከሌላው ፊልተር የሚለየው እየተሽከረከረ በሚታሰር ጥርስ ሳይሆን በማግኔት ጠቅ ብሎ መቀመጡ ነው። ዕቃው ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ስስ ቀለበት ሲሆን እንደ ሃይላንድ ክዳን እየተሽከረከረ ሌንሱ አፍ ላይ ይገባና እዚያው ይቀራል። ሁለተኛው ፊልተሩ ራሱ ነው። ወደ ቀለበቱ ስታስጠጉት ይሳባል፣ ስትፈልጉ በሁለት ጣት ይነቀላል። ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ምስሉን የሚለውጠው መስታወቱ ነው፤ ማግኔቱ የሚሰጣችሁ ጊዜ ብቻ ነው። ሻጭ «ማግኔት ስለሆነ ጥራቱ ይለያል» ቢላችሁ አትስሙት።

ጊዜ ብቻ ነው ስል ግን ማቃለሌ አይደለም። በጥር ኮምቦልቻ ሰርግ የቀረጸ ሰው ይገባዋል። ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ካሜራው ጠቆር ያለ ፊልተር ይፈልጋል። ጥቂት ተራምደው ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ፊልተሩ ካልወጣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ወደ ላይ ይወጣና ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። በጥርስ የሚገባውን ለመፍታት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ጊምባሉን (ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን መያዣ) ታዲያ ማን ይያዘው? ላብ ባለው ጣት ስትታገሉ ከኋላ «ቶሎ በል እንጂ ልጄ!» የሚሉ አጎት አይጠፉም። ሙሽሪት ደግሞ ለእናንተ ብላ ድንኳኑ ውስጥ ሁለተኛ አትገባም። ማግኔት ከሆነ ደጃፉ ላይ በአንድ እጅ ነቅላችሁ ኪስ ትከታላችሁ፤ ቀረጻው አይቋረጥም።

ያ ጠቆር ያለው መስታወት ኤንዲ ይባላል፤ ቀለም ሳይነካ ብርሃን ብቻ ይቀንሳል። ቢያንስ መቀነስ ያለበት እንደዚያ ነው። ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ለምን ብርሃን መቀነስ እንዳስፈለገው ለማየት ሒሳቡን እንሥራው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ በ25 ፍሬም (ምስል) መቅረጽ ይመረጣል። ሹተሩ፣ ማለትም እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ፣ በተለመደው ደንብ ቁጥሩ የፍሬሙ እጥፍ ይደረጋል፤ 1/50 ሰከንድ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን የአዳራሹ መብራት ቪዲዮው ላይ አይርገበገብም፣ እስክስታ የሚወርድ ትከሻም ዓይን የለመደውን ልስላሴ ይዞ ይወጣል። ሹተሩ 1/2000 ከሆነ ግን ያው ትከሻ ይቆራረጣል።

አሁን ሜዳ እንውጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 16፣ ትክክለኛው ሹተር 1/100 ገደማ ነው፤ የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ያለ መለኪያ ሲሠሩበት የኖሩት ደንብ ነው። ጀርባውን ለማደብዘዝ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 2.8 ስትከፍቱት አምስት ስቶፕ ብርሃን ጨመራችሁ ማለት ነው፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው፤ ሹተሩ 1/3200 ካልደረሰ ነጩ ቬሎ በርን ያደርጋል (ከብርሃን ብዛት ዝርዝሩ ይጠፋል)። እኛ የምንፈልገው ግን 1/50 ነው። ከ1/3200 እስከ 1/50 ስድስት ስቶፕ አለ፤ ስድስት ስቶፕ የሚቀንሰው ኤንዲ 64 ነው። በሎግ (ቀለሙ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ እንዲስተካከል ፈዘዝ ተደርጎ በሚቀረጽበት መንገድ) የምትቀርጹና ካሜራችሁ በሎግ ከአይኤስኦ 800 በታች የማይወርድ ከሆነ ሦስት ስቶፕ ተጨምሮ ኤንዲ 500 አካባቢ ትደርሳላችሁ። ገበያ ላይ «ለጀማሪ» ተብሎ የሚሸጠው ኤንዲ 8 ለእኛ የቀትር ፀሐይ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ብርሃኑ ለስንት እንደተካፈለ ይናገራል፦ ኤንዲ 8 አንድ ስምንተኛውን፣ ኤንዲ 64 አንድ ስልሳ አራተኛውን ያሳልፋል። ማሸጊያው ላይ 0.9 ወይም 1.8 የሚል ካያችሁ ለ0.3 አካፍሉት፤ የስቶፑ ቁጥር ይወጣል።

ቁጥር መቁጠር የሰለቸው ቫሪያብል ኤንዲ ይገዛል። እሱ ሁለት ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት) ተደራርበው የተሠራ ነው፤ የፊተኛውን ስታዞሩት ብርሃኑ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ደመናና ፀሐይ በሚፈራረቁበት የደሴ ቀን ምቹ እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን ሰፊ ሌንስ ላይ እስከ ጫፉ ሲዞር ምስሉ መሐል ላይ የኤክስ ቅርጽ ያለው ጥላ ይወጣበታል። በዚያ ላይ ፖላራይዘር በመሆኑ ብርሃን ለማስተካከል ባዞራችሁት ቁጥር የሰማዩ ሰማያዊነትና የፊት ወዝ አብሮ ይለዋወጣል፤ ሁለት ሾት ስታያይዙ ኤዲቲንግ ላይ ያስቸግራል። ሰው ይህን ሁሉ ችሎ ቫሪያብል የሚገዛው፣ ቋሚ ኤንዲ መፍታትና ማሰር ስለሚያስመርረው ነበር። ማግኔቱ የለወጠው ይህንን ነው። መቀያየሩ ሰከንድ ከሆነ የቫሪያብል ትልቁ ጥቅም ይቀንሳል። ስለዚህ የማግኔት ስብስብ የሚገዛ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ኤንዲ 8 እና ኤንዲ 64 ይያዝ። ሁለቱ ሲደራረቡ ዘጠኝ ስቶፕ ይሆናሉ፤ ለሎግም ይበቃሉ። ብቻውን የሚሯሯጥ፣ ካሜራውን ለአፍታ የማያወርድ ሰው ቫሪያብል ቢመርጥ አልከራከረውም።

ርካሽ ኤንዲ ላይ ሊታይ የሚገባው ነገር የሙሽራው ሱፍ ነው። የካሜራ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር በጥቂቱ ይቀበላል። ደካማ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን ይከለክልና ኢንፍራሬዱን ያሳልፋል። መስታወቱ እየጠቆረ በሄደ ቁጥር የኢንፍራሬዱ ድርሻ ይበዛል። ውጤቱ የሚታወቀው ጥቁር ልብስ ላይ ነው፤ በተለይ ፖሊስተር የበዛበት ሱፍ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። የሚዜዎቹ ሱፍ ከሌላ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ሆነው ይቆማሉ። ኤዲቲንግ ላይ ቀለሙን ላስተካክል ስትሉ የቆዳው ቀለም ይበላሻል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ፀሐይ ላይ ሞክሩት፦ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚያደርገውን የካሜራ ማስተካከያ) ቆልፉና ነጭ ነጠላና ጥቁር ልብስ አንድ ላይ አድርጋችሁ ያለ ፊልተርና በፊልተር ቅረጹ። ነጠላው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ካደላ፣ ጥቁሩ ከቀላ፣ ዕቃውን መልሱለት።

ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከኤንዲ ይልቅ ሲፒኤል፣ ማለትም ፖላራይዘር፣ ይቀድማል። ከደሴ ወደ ሰሜን ወጥታችሁ ሐይቅ ዳር ብትቆሙ በቀትር ውኃው ነጭ ብልጭታ ብቻ ነው የሚታየው። ሲፒኤሉን ቀስ እያላችሁ ስታዞሩት ብልጭታው ይነሳና የውኃው ቀለምና በዳሩ ያለው ድንጋይ ብቅ ይላል። ከክረምት በኋላ የጦሳ ተራራ አረንጓዴም እንዲሁ ነው፤ ቅጠል ላይ ያለው ነጸብራቅ ሲወገድ ቀለሙ ይጠልቃል። ሰማይ ላይ በደንብ የሚሠራው ፀሐይ በጎን ስትሆን ነው፤ ከፊት ወይም ከኋላ ከሆነች ብዙ አትጠብቁ። በሰፊ ሌንስ ደግሞ የሰማዩ ግማሽ ጠቁሮ ግማሹ ይነጣል። ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል። ቫሪያብል ኤንዲ ላይ አትደርቡት፤ ሦስት ፖላራይዘር ተደራርቦ ምን እንደሚያሳያችሁ አይታወቅም።

የቀሩት ሁለቱ የፊልተር ዓይነቶች ብዙ አያነጋግሩም። ዩቪ ፊልተር በዲጂታል ካሜራ ላይ ሌንሱን ከአቧራና ከጭረት ከመጠበቅ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ሴንሰሩ ፊት ያለው መስታወት አብዛኛውን ዩቪ አስቀድሞ ያስቀረዋል። ሚስት (በእንግሊዝኛ ጭጋግ ማለት ነው) የሚባለው ፊልተር መብራቱን አፍክቶ ፊት የሚያለሰልስ ነው፤ ለማታ ፕሮግራም ያምራል፣ ጭጋግ የወረደበት የደሴ ጠዋት ላይ ግን በጭጋግ ላይ ጭጋግ መጨመር ነው።

ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፊልተር ልክ ሌንሱ ላይ ክብ በሰረዝ ከተቆረጠበት ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው፤ የሌንሱ ርዝመት ከሚባለው ሚሊ ሜትር ጋር አይገናኝም። የካኖን 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም የፊልተር ልኩ 49 ነው፤ ከብዙ የካኖን ካሜራዎች ጋር የሚመጣው 18-55 ደግሞ 58 ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ሌንሶች 77 ወይም 82 ናቸው። ፊልተሩን በትልቁ ሌንሳችሁ ልክ ግዙ፤ ለትንንሾቹ ልክ የሚያሰፋ የማግኔት ቀለበት አለ። ቀለበት ርካሽ ነው፣ ጥሩ መስታወት ግን ውድ ነው። ለየሌንሱ አንዳንድ ቀለበት አስገብታችሁ ተዉት፤ ካልሆነ ቀለበቱን ከሌንስ ወደ ሌንስ ስትፈቱ ስታስሩ ማግኔቱ ያተረፈላችሁን ጊዜ መልሳችሁ ታጠፋላችሁ።

የአንዱ ፋብሪካ ፊልተር በሌላው ቀለበት ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ አይቀመጥም። ኬዝ፣ ፍሪዌል፣ ኬ ኤንድ ኤፍ ኮንሰፕት፣ ሁሉም የየራሳቸው አሠራር አላቸው። ደሴ ላይ ሆናችሁ አንድ ቀለበት ቢጠፋባችሁ ከአዲስ አበባ ማስፈለግ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ሊኖር ነው። ስለዚህ አንዱን ስም ያዙና መጀመሪያውኑ ትርፍ ቀለበት ጨምሩ። ክዳኑንም ጠይቁ፤ ፊልተሩ ሳይነቀል የሚገጠም የማግኔት ክዳን አብሮት ካልመጣ የሌንሳችሁ ክዳን ላይይዝ ይችላል። የሌንሱ ጥላም (ፀሐይ እንዳይገባ ሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰረው ክፈፍ) ከአንዳንዱ ጋር አይገጥምም፤ ጥላችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ሞክሩት።

ማግኔት ወደ ፊት ሲስቡት ይጠነክራል፣ ከጎን ሲነካ ግን ይንሸራተታል። በጭፈራ መሐል የአንድ ሰው ክርን ከነካው ይወድቃል፤ ጥርስ ያለው አይወድቅም። ጠርዙ ላይ መቆለፊያ ያለው አሠራር አለ፤ ግፊያ መሐል ለምትሠሩ እሱ ይሻላል። አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ የምትቀርጹ ከሆነ ደግሞ አደራ፣ የወደቀውን የሚያመጣላችሁ የለም። ፎቶ ቤት ተቀምጦ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳ፣ ወይም አንድ ሌንስና አንድ ሲፒኤል ብቻ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልገውም፤ የጥርሱ ይበቃዋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

ማግኔቱ ሴንሰር ያበላሻል፣ ካርድ ያጠፋል የሚባለው ወሬ ነው። ኤስዲ ካርድ መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ነው፣ በማግኔት አይደለም። ድሮን ያላችሁ ግን ፊልተሩን ከድሮኑ አጠገብ አታስቀምጡ፤ ኮምፓሱ ይረበሻል።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ የቀዘቀዘው መስታወት ሞቅ ያለ አየር ያገኝና ላብ ያወጣል። ጤዛው በፊልተሩና በሌንሱ መሐል ሲሆን ማግኔት ያለው ነቅሎ ይጠርጋል፤ ይህ ሳይወራለት የቀረ ጥቅሙ ነው። አቧራው ላይ ግን ጣጣ አለበት። የወሎ ተራራ ባዛልት ነው። ባዛልት ሲፈራርስ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ማዕድን አሸዋው ውስጥ ይቀራል። ቦርከና ወንዝ ዳር ፊልተሩን አሸዋ ላይ ብታስቀምጡት ጠርዙ ጥቁር ጢም አውጥቶ ይነሳል። ብየዳ ቤትና ብረት የሚቆረጥበት ቦታ ለምትቀርጹም ያው ነው፣ የብረት ብናኙ እዚያው ይለጠፋል። በጨርቅ አትጥረጉት፤ ብናኙ ወደ መስታወቱ ተጎትቶ ይቧጭረዋል። ፕላስተር ቆርጣችሁ ሙጫ ያለውን ፊት ጠርዙ ላይ ጫን አድርጉና አንሱት፣ እስኪጠራ ድረስ አዲስ አዲስ ቁራጭ ተጠቀሙ፤ የቀለበቱን ውስጥም እንዲሁ፤ መስታወቱን በጨርቅ የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው።