የክሬዲት ካርድ ወለድ ማስቀነስ ምንድን ነው? ዕዳ መክፈል ግን አይደለም

"ወለዱን ካስቀነስክ ዕዳው ራሱ ያልቃል" የሚል ምክር ሰሞኑን በየቦታው አያለሁ፣ ደሴ ብድር ክፍል ስለምሰራ አሜሪካ ወንድም እህት ያላቸው ሰዎችም ይሄንኑ ይዘው መጥተው ይጠይቁኛል። አያልቅም። ወለድ ማስቀነስ ማለት ካርዱን የሰጠህ ባንክ የወለዱን መቶኛ እንዲያወርድልህ ማድረግ ነው፣ ከዛ ከምትከፍለው ገንዘብ ወለድ የሚበላው አንሶ ዋናው ዕዳ ላይ የሚያርፈው በዛ ማለት ነው፣ በቃ።

በቁጥር እንየው። 5,000 ዶላር የካርድ ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ሲታሰብበት የወሩ ወለድ 100 ዶላር አካባቢ ነው። 150 ስትከፍል ዋናው ላይ የምታርፈው 50 ናት፣ በካርዱ ምንም ሳትገዛ በዚሁ ብትቀጥል 56 ወር ይፈጃል። ወለዱ ወደ 12 ወረደ እንበል፣ ያችኑ 150 እየከፈልክ በ41 ወር ትገላገላለህ። እስከዚህ ሸጋ ነው። ግን ብዙ ካርዶች ሚኒመሙን፣ ማለትም በወር ከዚህ እንዳያንስ የሚሉትን ክፍያ፣ የሚያሰሉት ከዕዳው 1 በመቶ ወስደው የወሩን ወለድ ደምረውበት ስለሆነ ወለዱ ሲወርድ ሚኒመሙም አብሮ ከ150 ወደ 100 ይወርዳል፣ ሰውየው እፎይ ብሎ 100 መክፈል ይጀምራል። 70 ወር! በ24 በመቶ ከነበረበት ጊዜ ይረዝማል። ጠቅላላ ወለዱ ከ3,300 ወደ 1,970 ገደማ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው፣ 150ዋን ሳይነካት ቢቀጥል ግን 1,100 ገደማ ብቻ ነበር።

ከኮምቦልቻ ደሴ ጭነት ይዞ የሚወጣ ኤፍኤስአር አስቡ። ወለዱ የሐረጎ ዳገት ነው፣ ክፍያህ ነዳጁን የረገጠው እግርህ። ዳገቱ ለሰለሰ ማለት ደሴ ገባህ ማለት አይደለም፣ እግርህን ካላነሳህ ቶሎ ትደርሳለህ፣ ካነሳህ መንገድ ላይ ይመሽብሃል። ዕዳውን ወደ 0 በመቶ ካርድ ማዛወር ደግሞ ጭነቱን ሌላ መኪና ላይ መገልበጥ ነው፣ የጫኝና አውራጅ ይከፈላል፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ስለሆነ 5,000 ላይ ከ150 እስከ 250 ዶላር ማለት ነው፣ ሜዳውም፣ 0 በመቶው የሚቆይበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር ነው እንጂ ከዛ ዳገቱ ይመለሳል። ባዶ በቀረው አሮጌ ካርድ እንደገና መግዛት ከጀመርክማ ሁለት መኪና ጭነህ ነው ሐረጎን የምትወጣው።

አንዱ ደግሞ "ወለዱ ካልቀነሰ መክፈል ዋጋ የለውም" ብሎ ጽፏል። ወንድሜ፣ ይሄ ሰው ያከስራል። በዛው በ24 በመቶ ላይ ሆነህ 200 ብትከፍል 35 ወር ገደማ ነው፣ ወለድ አስቀንሶ 150 ከሚከፍለው ቀድመህ ትጨርሳለህ። ወለዱ ይበዛብሃል፣ ግን ይከፈላል!

የኛን አገር ብድር ከዚህ ጋር የምታወዳድሩ ደግሞ መጀመሪያ ወለዱ ፍላት (ሁሌ በመጀመሪያው ብድር ሙሉ ላይ የሚታሰብ) ነው ወይስ በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላ ብላችሁ ጠይቁ። 100,000 ብር በ15 በመቶ ፍላት ለአንድ አመት ወስደህ በየወሩ እኩል ብትመልስ 15,000 ብሩ የሚታሰበው ከፍለህ በቀነስከውም ላይ ጭምር ነው፣ በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ወለድ አልባውን ሙራባሃ፣ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ የሚሸጥልህን፣ እዚህ አትቀላቅሉት፣ ትርፉ ከመነሻው ዋጋው ላይ ተቆርጦ ስለሚገባ ይሄ ስሌት አይሰራበትም።

አሜሪካ ያሉት በፈረንጆቹ 2009 በወጣው ህግ ምክንያት በየወሩ በሚደርሳቸው የካርድ መግለጫ (ስቴትመንት) ላይ ሚኒመሙን ብቻ ቢከፍሉ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅና በ3 አመት ለመጨረስ በወር ስንት እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። ወለድ ለማስቀነስ ወደ ባንኩ ሲደውሉ እሱን ከፊታቸው አድርገው ይደውሉ፣ ቅናሹ እንደገባ ደግሞ አውቶ ፔዩን፣ በየወሩ ራሱ የሚቆረጠውን ክፍያ፣ ከሚኒመም አውጥተው ድሮ ይከፍሉት በነበረው ቁርጥ ገንዘብ ላይ ያድርጉት፣ በዛው ቀን።