የቼክኛ ዘዬዎች ካርታ እንዴት ተሠራ

ቼክ ሪፐብሊክ ሰፊ አገር አይደለችም። ከምዕራብ ጫፏ እስከ ምሥራቅ ጫፏ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ግን ድንች እንኳ አንድ ስም የለውም። በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል፣ በቦሄሚያ፣ ብራምቦሪ ይሉታል። በምሥራቁ፣ በሞራቪያ ሰፊ ክፍል፣ ዜማኪ ነው። ምሥራቅ ሞራቪያ ውስጥ ከጀርመንኛ የመጣው ኤርቴፕሌ ይሰማል፤ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ጥግ፣ ወደ ሲሌዢያ፣ ሲጠጉ ደግሞ ኮብዞሌ የሚሉ ሰዎች ይገኛሉ። የቋንቋ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ልዩነት መዝግበው ካርታ ላይ ለማስፈር ከመቶ ዓመት በላይ ለፍተዋል።

ተመራማሪዎቹ የአገሪቱን ዘዬዎች በአራት ይከፍሏቸዋል፦ የቦሄሚያ፣ የመካከለኛው ሞራቪያ፣ የምሥራቅ ሞራቪያና የሲሌዢያ። አራቱን ለማነጻጸር የምትጠቀስ የታወቀች ዓረፍተ ነገር አለች። ትርጉሟ «የወፍጮ ቤቱን ዱቄት ጋሪው ላይ አድርግ» እንደማለት ነው። በመደበኛው ቼክኛ «ዴይ ሞውኩ ዜ ምሊና ና ቮዚክ» ትባላለች። የቦሄሚያ ሰው «ዴይ ሞውኩ ዜ ምሌይና ና ቮዜይክ» ይላታል። ሃና በሚባለው ለም የሞራቪያ ሜዳ «ዴ ሞኩ ዜ ምሌና ና ቮዜክ» ትሆናለች። ምሥራቅ ሞራቪያ ሲደርሱ «ዳይ ሙኩ ዜ ምሊና ና ቮዚክ»። የሲሌዢያው ሰው ቃላቱን እንደ ምሥራቅ ሞራቪያው ነው የሚላቸው፤ አናባቢዎቹን ግን በሙሉ ያሳጥራል። ሌላው ቼክ የቃሉን መጀመሪያ ጫን ብሎ ሲጠራ፣ እሱ እንደ ጎረቤቱ ፖላንዳዊ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍለ ቃል ጫን ብሎ ይጠራል። ለእኔ ከየትኛውም ረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይቺ ዓረፍተ ነገር ነገሩን ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች።

ሥራው የተጀመረው በግለሰቦች ትጋት ነው። አሎይስ ቮይቴክ ሼምቤራ እ.ኤ.አ. በ1864 የቼክና የስሎቫክ ዘዬዎችን በአንድ ላይ የሚገልጽ ጥናት አሳተመ። መምህሩ ፍራንቲሼክ ባርቶሽ ደግሞ የሞራቪያን ዘዬዎች ሰብስቦ በ1886 እና በ1895 በሁለት ቅጽ አወጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በየገጠሩ ላሉ ሰዎች በፖስታ መጠይቅ እየተላከ ብዙ መረጃ ተሰበሰበ። በፖስታ የሚመጣ መልስ ግን ድምፅ የለውም። አናባቢው ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ትልቁ ሥራ በእግር ሆነ። በብርኖና በፕራግ ከተሞች ያሉት የቼክ ቋንቋ ተቋም የዘዬ ተመራማሪዎች ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በ420 የገጠር መንደሮች ጥናት አካሄዱ። ቀጥሎም 57 ከተሞች ተጨመሩ። የገጠሩ መጠይቅ ከ2,600 በላይ ጥያቄዎች ነበሩት። ስለ ሰው አካል፣ ስለ ቤት ዕቃ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እርሻና ስለ ከብት ይጠየቃል። ተጠያቂዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ እዚያው ተወልደው እዚያው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሥራ ጠያቂው ቃሉን ቀድሞ መናገር የለበትም። ዕቃውን ያሳያል፣ ሥዕል ያቀርባል ወይም ዙሪያውን ገልጾ ይጠብቃል። ቃሉ ከእሱ አፍ ከወጣ ሽማግሌው «አዎ፣ እንደዚያ እንላለን» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ያን ጊዜ መልሱ ዋጋ የለውም። በከተሞቹ ግን ወጣቶችም ተጠይቀዋል፤ ይህ ቋንቋው ወዴት እያመራ እንደሆነ ለማየት ረድቷል።

ውጤቱ የቼክ ቋንቋ አትላስ የተባለው የካርታ መጽሐፍ ነው። አምስቱ ቅጾች ከ1992 እስከ 2005 ታተሙ፤ ተጨማሪው ቅጽ በ2011 ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በቃላት ላይ ያተኩራሉ። አራተኛው የቃላት እርባታን ይይዛል። አምስተኛው በዋናነት የድምፅና የዓረፍተ ነገር አሠራር ነው። አሁን አትላሱን ማንም ሰው በኢንተርኔት በነጻ ማየት ይችላል።

ካርታዎቹን ገልጦ የሚያይ ሰው ቶሎ የሚገባው ነገር አለ፤ ዘዬ እንደ አገር ድንበር በአንድ መስመር አይቆረጥም። እያንዳንዱ ቃልና ድምፅ የራሱ መስመር አለው። አናጺ በቦሄሚያ ትሩህላርዥ፣ በሞራቪያ ስቶላርዥ ነው። ኪያር በቦሄሚያ ኦኩርካ ተብሎ በሴት ጾታ ይጠራል፤ በሞራቪያ ኦኩሬክ ተብሎ ወንድ ይሆናል። መስመሮቹ አንዳንድ ቦታ ተቀራርበው ይሄዳሉ፣ ሌላ ቦታ ይበታተናሉ። በየመሀሉ ደግሞ የራሳቸው ቀለም ያላቸው ትናንሽ አካባቢዎች አሉ። በሰሜን ምሥራቅ ቦሄሚያ እውነት ማለት የሆነው ፕራቭዳ ፕራውዳ ይሆናል። በምዕራብ ቦሄሚያ በምትገኘው የዶማዥሊትሴ ከተማ ዙሪያ የሚኖሩት ቾዶች «ነበር» ለማለት እንደ ሌላው ቢል ሳይሆን ቡል ይላሉ፤ በዚህም ቡላኮች የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል።

ካርታው ላይ ብዙ የሚያሳስበኝ ግን ዘዬ ያልተሣለበት ቦታ ነው። የአገሪቱን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄደው አካባቢ «ድብልቅ» ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል። ምክንያቱ የቋንቋ ብቻ አይደለም። እስከ 1945 ድረስ እዚያ በብዛት የሚኖሩት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ጀርመኖች ከአገሪቱ ተባረሩ፤ በምትካቸው ከመሀል አገር፣ ከስሎቫኪያና ከሌላም ቦታ ሰዎች ሰፈሩ። የእነዚህ ሰፋሪዎች ልጆች የአንድ አካባቢ ዘዬ አልወረሱም። በአንጻሩ ተመራማሪዎቹ ከአገር ውጭ ወዳሉ የቼክ መንደሮችም ሄደዋል። በሩማንያ የባናት ተራሮች ውስጥ አባቶቻቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይዘውት የሄዱትን ቼክኛ የሚናገሩ መንደሮች አሉ።

ዛሬ በቦሄሚያ የየመንደሩ ልዩነት በአብዛኛው ሟሙቷል። ከፕራግ እስከ ምዕራቡ ጫፍ የሚሰማው በዕለት ተዕለት የሚነገር የጋራ ቼክኛ ነው። በሞራቪያና በሲሌዢያ ዘዬው የበለጠ ጸንቷል። ብዙ ሰው በየቤቱና በየሰፈሩ ሳያፍር ይናገረዋል። ሰብሳቢዎቹ ሃያ ዓመት ዘግይተው ቢነሱ ኖሮ ከቦሄሚያ ሽማግሌዎች ብዙውን ቃል አያገኙትም ነበር። በፕራግ ቻርልስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የቼክ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት የድሮዎቹን የድምፅ ቅጂዎች ከጽሑፍ ግልባጫቸው ጋር አቅርቧል። በብርኖ ደግሞ ያው ተቋም የዘዬ ቃላት መዝገብ በኢንተርኔት እያወጣ ነው፤ ከፊደሉ መጀመሪያ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደፊት ይሄዳል።