ቦሌ ማደር ግዴታ ነው እንዴ? አገር ሊዞሩ ስለሚነሱ ሰዎች ማደሪያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙ አልርቅም። ይህን የሚያውቅ ዘመድ ሁሉ ክረምት ሲገባ ወይም ጥምቀት ሲቃረብ ይደውላል። «አገር ልንዞር ነው፤ አልጋ የት የት እንያዝ?» ይላል። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን መልሱን ራሱ ይነግረኛል። ያ መልስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የሰማው ስህተት ነው። ደጋግሜ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«አዲስ አበባ ከገባን መሃል ከተማ ነው የምናድረው»

አምና ያክስቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ከውጭ መጣ። ለደቡብ ጉዞ መኪና ተከራዩ፣ ቦሌ ሆቴል ያዙ። «ጠዋት 1 ሰዓት እንነሳለን፣ ለምሳ ሐዋሳ ነን» አለኝ። እሺ አልኩት። ቁርስ ሲበሉ፣ ሻንጣ ሲጭኑ፣ ነዳጅ ሲሰለፉ፣ ከዚያ በሥራ መግቢያ ሰዓት ቃሊቲ ላይ ሲቆሙ፣ እኔ ጋ የደረሱት 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ጋ ማለት እኮ ገና ከአዲስ አበባ አልወጡም! ልጆቹ መኪና ውስጥ ተኝተዋል። ሐዋሳ ገና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ የሚመረጠው በነገው መንገድ ነው። ከከተማዋ የሚያስወጡት ዋና መንገዶች አምስት ናቸው፤ አምስቱም በአምስት አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። የደሴው በኮተቤ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አድርጎ ደብረ ብርሃን ይወጣል። የጎጃሙ እንጦጦን ተሻግሮ በሱሉልታ ነው። የአምቦና የነቀምቱ በቡራዩና በሆለታ ያልፋል። የጅማው በአየር ጤና፣ በዓለም ገናና በሰበታ ነው። የአዳማው፣ የሐዋሳውና የድሬዳዋው ደግሞ በእኛ በኩል፣ በቃሊቲ ወይም በቱሉ ዲምቱ። ነገ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ዛሬ ሰበታ ቢያድር ሙሉ ከተማ አቋርጦ ነው ጉዞ የሚጀምረው። ለገጣፎ ያደረ ግን ሻይውን ጠጥቶ በቀጥታ መንገድ ይገባል።

በአውቶቡስ ለሚሄድም ነገሩ ያው ነው። መናኸሪያዎቹ ተበታትነዋል። የደሴ መስመር ላምበረት፣ የአዳማና የሐዋሳ ቃሊቲ፣ የጅማ አየር ጤና ይባላል። አውቶቡስ ደግሞ በሌሊት ነው የሚወጣው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ ጎዳና ከመቆም መናኸሪያው አጠገብ ያለ ደህና ፔንሲዮን ማደር ይሻላል።

በአውሮፕላን ለሚዞሩ ግን ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም። የአገር ውስጥ በረራ አብዛኛው የሚነሳው ከአዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር አርባ ምንጭ ለመሄድ መጀመሪያ ቦሌ መመለስ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ተጓዥ ቦሌ ይደር፣ አልቃወምም።

«የተነሳንበት ሆቴል እንመለስበታለን፤ ሻንጣም እናስቀምጣለን»

ሻንጣ የማስቀመጡ ነገር ገብቶኛል። ግን ጉዞው ዙር ከሆነ የምትገቡበት በር የወጣችሁበት አይደለም። ያክስቴን ልጅ ጉዞ እንውሰድ። በፍጥነት መንገዱ ወጡ፤ ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ታጠፉ፤ ባቱን፣ ላንጋኖን፣ ሻሸመኔን አልፈው ሐዋሳ ሁለት ሌሊት አደሩ። ከዚያ በወላይታ ሶዶ አርባ ምንጭ ወረዱ። ሲመለሱ በዚያው መንገድ ሊመጡ ነበር። «ለምን በሆሳዕና አትመጡም?» አልኩት። ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ ቡታጅራ እያለ ዓለም ገና የሚገባ መንገድ አለ። ያላያችሁትን አገር እያያችሁ ትመለሳላችሁ።

ይህ መንገድ ደግሞ ጦሙን አይደለም። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። 36 ናቸው፤ 32ቱ ላይ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጿል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ አለ። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ቦታ ነው፤ እሱም ባልጪት ከሚባለው አጎራባች ቦታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 ተመዝግቧል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። እኔ ራሴ ለብዙ ዓመት በአጠገቡ በሚኒባስ እየተኛሁ ነበር የማልፈው። አሁንም ያሳፍረኛል።

እና የመጨረሻዋን ሌሊት የት? ከአርባ ምንጭ በአንድ ቀን ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ፣ ዓለም ገናን በምሽት ሰልፍ ተጋፍቶ ቦሌ መግባት አጉል ጀግንነት ነው። ቡታጅራ እደሩ። በማግስቱ ጢያንና መልካ ቁንጡሬን በጠዋት ብርሃን አይታችሁ ከሰዓት በፊት ከተማ ትገባላችሁ። ሻንጣው? ዘመድ ቤት ይቀመጥ። የእኔ ሳሎን እንደሆነ ለምዶታል።

«ዳር ዳሩ ርካሽ ነው»

አንዳንዱ አዎ፣ አንዳንዱ በጭራሽ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሪዞርቶች በሳምንት መጨረሻ ከብዙ የመሃል ከተማ ሆቴል ይወደዳሉ። ዱከም ወይም ሰንዳፋ ያለ ፔንሲዮን ግን ኪስ አይጎዳም። ዋጋ ስትጠይቁ «ፕላስ ፕላስ ነው?» በሉ። ነው ካሏችሁ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል። 4000 ብር ያሉት አልጋ 5000 ተሻገረ ማለት ነው። ዳር አድራችሁ ማታ ማታ ፒያሳ ለመዝናናት የምትመላለሱ ከሆነም የቆጠባችሁትን ለታክሲ ትሰጡታላችሁ።

«አድራሻው አዲስ አበባ ይላል፤ ስለዚህ ቅርብ ነው»

ይቺ ስልክ ላይ አልጋ የሚይዙትን ነው የምታሞኛቸው። ዙሪያውን ያሉት ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ተጠቃለዋል። ሆቴሎቻቸው ግን ኢንተርኔት ላይ «አዲስ አበባ» ተብለው የሚወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ስም መመሳሰልም አለ። ገላን ኮንዶሚኒየም ሌላ፣ ገላን ከተማ ሌላ። «ከኤርፖርት 20 ደቂቃ» የሚለውንም እሁድ ጠዋት የተለካ ነው ብላችሁ ውሰዱት። የሠፈሩን ስምና ዋናውን መንገድ ደውላችሁ ጠይቁ።

«ባቡር የሚነሳው ከለገሃር ነው፤ እዚያ አካባቢ እንደር»

ለገሃር ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ጣቢያ ነበር። የአሁኑ የጅቡቲ ባቡር ሰው የሚጭነው ከፉሪ ለቡ ነው፤ እሱም በደቡብ ምዕራብ በኩል የከተማው ዳር ነው። የከተማው ቀላል ባቡር እዚያ አይደርስም። ድሬዳዋ ለመሄድ ያሰበ ለቡ፣ ጀሞ ወይም ፉሪ አካባቢ ቢያድር በጠዋት አይዋከብም። ባቡሩ የሚሄድበትን ቀን አልጋ ከመያዛችሁ በፊት አረጋግጡ። ድሬዳዋ ስትወርዱም ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ነው። «ጣቢያው አጠገብ» ብላችሁ የያዛችሁት ሆቴል የድሮው ጣቢያ አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ ቦታውስ ያምራል፣ ባቡሩ ግን የለም።

«በየቀኑ አዲስ ከተማ ብናድር ብዙ እናያለን»

ብዙ የምታዩት መንገድ ነው። አልጋ መልቀቅና አልጋ መያዝ ግማሽ ቀን ይበላል። ልጅና አዛውንት ካለበት ደግሞ ሙሉ ቀን። አንድ ቦታ ሁለት ሦስት ሌሊት አድሮ ከዚያ ወጣ ወጣ ማለት ይሻላል። ሐዋሳ ሆናችሁ ወንዶ ገነት ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። አርባ ምንጭ ሆናችሁ ጫሞ ሐይቅን አንድ ቀን፣ ጨንቻና ዶርዜን በሌላው ቀን ታያላችሁ።

«ብቻ እንድረስ እንጂ አልጋ አይጠፋም»

ይጠፋል። በዓል ካለ ደግሞ በደንብ ይጠፋል። ጥምቀት ጎንደር፣ ገና ላሊበላ፣ ኅዳር ጽዮን አክሱም የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው በመንገድ ላይ ያሉትን ከተሞች ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። በዋዜማው ቀናት በእኛ በር የሚያልፈውን መኪና ማየት ነው! አዳማ፣ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር ድረስ አልጋው ሁሉ ይያዛል። ስለ ቁልቢ ምንም ሳያስብ ለሥራ ድሬዳዋ የሄደ ጓደኛዬ መኪናው ውስጥ አድሯል። ቢሾፍቱም በኢሬቻ ሰሞን፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ፣ እንዲሁ ነው። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር ደግሞ መሃል አዲስ አበባ በእንግዳ ይጨናነቃል፣ መንገድ ይዘጋል። ያኔ ዳር ማደር ነው የሚያዋጣው።

አልጋ ሳይዙ መሄድ ሌላም ጣጣ አለው፤ ፍለጋው ያመሻል። በየመስመሩ ያለውን የመንገዱን ሁኔታ በዋዜማው ከሹፌሮች ጠይቁ፤ ሲጨልም መንገድ ላይ አትገኙ። ለዚህ ነው የሌሊቱን ማደሪያ አስቀድሞ ማወቅ የሚያስፈልገው። መታወቂያም አትርሱ፤ ያለ መታወቂያ አልጋ አይሰጧችሁም።

«አዲስ አበባ ዙሪያ አየሩ ያው ነው፤ አንድ ጃኬት ይበቃል»

ሱሉልታና እንጦጦ ከመሃል ከተማው ይበልጥ ደጋ ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ላይ ያንቀጠቅጣል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ እንዳላቸው ጠይቁ። ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከ2000 ሜትር በታች ወባ ሊኖር ይችላል፤ ባቱም ሐዋሳም አርባ ምንጭም ከዚያ በታች ናቸው። እዚያ የምትጠይቁት ብርድ ልብስ ሳይሆን አጎበር ነው።

«ፎቶው ካማረ ክፍሉም ያምራል»

ፎቶ ውሃ መኖሩን አያሳይም። ሮቶ አላቸው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያስነሳሉ? እስከ ስንት ሰዓት? ከታች የሙዚቃ ቤት አለ? እነዚህን በስልክ ጠይቁ። የሚመልሰው ሰው ከተቆጣ ሌላ ቦታ ደውሉ።

እኔም ተሞኝቻለሁ። አንዴ ለሠርግ ሄጄ ማታ ወደ ቤት መመለስ ሲከብደኝ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ላይ አንድ ፔንሲዮን ያዝኩ። አልጋው ንጹህ፣ ሻወሩ ሙቅ፣ ዋጋው ደህና። ግቢውም ሰፊ ነበር። ሌሊት ለምን እንደሰፋ ገባኝ። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች እዚያ ነው የሚያድሩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ሞተር ማሞቅ ጀመሩ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሹፌሮቹ ይጠራራሉ፣ ጭሱ ክፍሌ ድረስ ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር አልጋ ስይዝ መጀመሪያ የምጠይቀው ግቢው ውስጥ ከባድ መኪና ያድር እንደሆነ ነው። እንግዳ ተቀባዮቹ ታዲያ ሁሌም በኩራት ነው የሚመልሱልኝ፤ «አዎ ጌታዬ፣ ለተሳቢም የሚበቃ ቦታ አለን!»