ዲስኩ ይዞራል፣ ምንም አይከፈትም፦ ሊኑክስ ላይ ስለ ዲስክ ማጫወቻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆው ጀርባ፣ የሠርግ ወይም የክርስትና ዲስክ ተደርድሮ ይገኛል። ከቴሌቪዥኑ ሥር የነበረው ማጫወቻ ከተበላሸ ግን ቆይቷል። ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የሚማር ልጅ ላፕቶፑ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከጫነ «እስኪ ያችን ሠርግ ክፈትልኝ» መባሉ አይቀርም። ላፕቶፑ ዲስክ ማስገቢያ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ማጫወቻ ይዋሳል። ዲስኩ ሲዞር ይሰማል፣ ምንም አይከፈትም። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚዘንበው ምክር አብዛኛው ሥራ የሚያስፈታ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ትእዛዞች ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል የሚጻፉ ናቸው፤ እዚህ እንደሚነበቡ አስቀምጠናቸዋል።

«መጀመሪያ ድራይቨሩን ጫን»

አያስፈልግም። ሊኑክስ ዲስክ ማጫወቻን የሚያውቅበት ክፍል፣ ማለትም ድራይቨሩ፣ ከከርነሉ (ከሥርዓቱ እምብርት) ጋር አብሮ ይመጣል። ከካርቶኑ ውስጥ የወጣችው ትንሿ ሲዲ ለዊንዶውስ የተሠራች ናት። ደግሞስ ማጫወቻው እምቢ ያለው ሰው ያችን ሲዲ በምን ሊያነባት ነው?

ድራይቨር ፍለጋ ከመዞር ይልቅ ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲን አንድ ላይ ተጭነው ተርሚናል ይክፈቱ። «ኤል ኤስ ቢ ኤል ኬ» የሚሉትን አምስት ፊደላት ሳይነጣጥሉ ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ኤስአር0» የሚል ስም ካለና በዓይነቱ ዐምድ ላይ «ሮም» ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ማጫወቻውን አውቆታል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈተሸው ዲስኩና የሚያጫውተው ፕሮግራም ነው። ከሌለ ግን ፕሮግራም መጫንም ማጥፋትም ለውጥ አያመጣም። ችግሩ ገና ኬብሉና ኃይሉ ላይ ነው።

«ካልታየ ተቃጥሏል»

ብዙውን ጊዜ አልተቃጠለም፤ ተርቧል። እነዚህ ስስ ማጫወቻዎች የሚሠሩት ከላፕቶፑ በሚያገኙት 5 ቮልት ነው። የዩኤስቢ 2.0 ወደብ 500 ሚሊአምፒር፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ሞተሩ ዲስኩን ከቆመበት ሲያስነሣ ከ500 በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መብራቱ ብልጭ ይላል፣ ዲስኩ መዞር ይጀምርና ይቆማል፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

እርግጠኛ ለመሆን «ሱዶ» (ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል)፣ ክፍት ቦታ፣ «ዲ ኤም ኢ ኤስ ጂ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና «ደብልዩ» ይጻፉና ማጫወቻውን ነቅለው ይሰኩ። «ዩኤስቢ ዲስኮኔክት» የሚል መስመር ደጋግሞ ከመጣ ኃይል አንሶታል ወይም ኬብሉ ላልቷል። መፍትሔውን በዚህ ቅደም ተከተል ይሞክሩ፦ የዩኤስቢ ማከፋፈያውንና ማራዘሚያውን ያስወግዱ፤ ወደ ሌላ ወደብ፣ በተለይ ውስጡ ሰማያዊ ወደሆነው ይቀይሩ፤ ኬብሉ ሁለት ራስ ካለው ሁለቱንም ላፕቶፑ ላይ ይሰኩ፤ ካልሆነ የራሱ አዳፕተር ያለው ማከፋፈያ ይፈልጉ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከፊት ካሉት ይልቅ ከኋላ ያሉት ወደቦች ይሻላሉ።

ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። የማጫወቻው ኬብል ጠፍቶ በስልክ ቻርጀር ኬብል ከተተካ፣ መብራቱ በርቶ ትሪውም ወጥቶ ተርሚናሉ ላይ አንድ መስመር እንኳ ላይመጣ ይችላል። ከእነዚህ ኬብሎች አንዳንዶቹ ኃይል ብቻ ያስተላልፋሉ እንጂ የመረጃ ሽቦ የላቸውም። ፋይል የሚያስተላልፍ ኬብል መሆኑን በስልክ ሞክሮ ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«ፋይሉ ካልተገለበጠ ዲስኩ ሞቷል»

ብዙ ሠርግ ቆሻሻ ውስጥ የገባው በዚህ አባባል ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። የሙዚቃ ሲዲ ከሆነ መጀመሪያውኑ ፋይል የለውም፤ እንደ ፍላሽ ፎልደር ሆኖ እንዲከፈት መጠበቅ አያስፈልግም፣ በማጫወቻ ፕሮግራም ይከፈታል። ፈታኙ ቪሲዲ፣ ማለትም ቪዲዮ የተጻፈበት ሲዲ፣ ነው።

ቪሲዲ ሲያስገቡ ፎልደሮቹ ይታያሉ። «ኤምፔግኤቪ» በሚለው ውስጥ መጨረሻው «ዳት» የሆነ ትልቅ ፋይል ተቀምጧል። እሱን ወደ ላፕቶፑ ለመገልበጥ ሲሞክሩ ግን «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ይላል። ዲስኩ ጭረት የሌለው፣ ገና ከፕላስቲኩ የወጣ ቢሆንም እንዲሁ ይላል። ምክንያቱ የአጻጻፉ ልዩነት ነው። ተራ የፋይል ዲስክ በእያንዳንዱ ክፍልፋይ 2048 ባይት መረጃ ይይዝና የቀረውን ቦታ ለስሕተት ማረሚያ ይተዋል። የቪሲዲ ቪዲዮ ያን የማረሚያ ቦታ ለምስሉ ወስዶ 2324 ባይት ይጭናል። ሊኑክስ እንደ ተራ ፋይል 2048 ሲጠይቅ ማጫወቻው «እንዲህ ዓይነት ነገር የለም» ብሎ ይመልሳል። ዲስኩ ደኅና ነው፤ አጠያየቁ ነው የተሳሳተው።

ለማየት ቪኤልሲ የተባለውን የማጫወቻ ፕሮግራም ከፍተው «ሚዲያ»፣ ቀጥሎ «ኦፕን ዲስክ» ውስጥ ይግቡና «ኤስቪሲዲ/ቪሲዲ» የሚለውን ይምረጡ፤ የመሣሪያው ስም ቦታ ላይ «ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስአር0» መሆኑን አይተው ያጫውቱ። ለመገልበጥ «ቪሲዲኢሜጀር» የተባለውን ጥቅል በ«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ይጫኑ። ከዚያ ባዶ ፎልደር ውስጥ ሆነው «ቪሲዲኤክስሪፕ»፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ሲዲሮም»፣ ሰረዝ፣ «ዲቫይስ»፣ የእኩል ምልክት፣ «ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስአር0» ብለው ይጻፉ። የሚወጣው መጨረሻው «ኤምፒጂ» የሆነ፣ በቪኤልሲ የሚከፈት ቪዲዮ ነው። አንድ ቪሲዲ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ቪዲዮ ስለሚይዝ፣ የሦስት ሰዓት ሠርግ በሦስት ዲስክ ተከፋፍሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ላይ እንዳይጽፍበት ለእያንዳንዱ የየራሱን ፎልደር ይክፈቱ።

«ዲቪዲ ካልከፈተ የቁልፍ መፍቻውን ጫን»

ምክሩ የተቆለፈ የውጭ ፊልም ለያዘ ሰው ልክ ነው፤ ለሠርግ ዲስክ ግን አይጠቅምም። ፎቶ ቤት በተራ ባዶ ዲቪዲ ላይ የጻፈው ይህ ቁልፍ ሊኖረው አይችልም። ለውጭ ፊልሙ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብዲቪዲ ሰረዝ ፒኬጂ» ብለው ከጫኑ በኋላ «ሱዶ ዲፒኬጂ ሰረዝ ሪኮንፊገር ሊብዲቪዲ ሰረዝ ፒኬጂ» የሚለው ሁለተኛ ትእዛዝ መዘለል የለበትም፤ መፍቻውን ከኢንተርኔት አውርዶ የሚሠራው እሱ ነው። መሐል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ከሄደ እሱኑ ትእዛዝ ደግመው ይጻፉ። ፊልሙ ለየትኛው የዓለም ክፍል እንደተዘጋጀ ስለሚያሳየው የክልል ቁጥርም ይነሣል፦ ኢትዮጵያ ክልል 5 ናት፣ ማጫወቻው ደግሞ ክልሉን መቀያየር የሚፈቅደው 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ለአንድ ፊልም ብለው አያባክኑት።

«ሱዶ ሁሉን ይከፍታል»

ቪኤልሲን በሱዶ ቢያስነሡት ጭራሹኑ አልሠራም ይላል፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው። የፈቃድ ችግር ካለ ተጠቃሚውን «ሲዲሮም» ወደሚባለው ቡድን አስገብቶ ወጥቶ መግባት ይበቃል።

«መጠበቅ ያለበት የሚያብረቀርቀው ፊት ነው»

ለሲዲና ለቪሲዲ ተቃራኒው ይቀርባል። ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር ከሆነው ዲስክ ውስጥ መረጃው ያለው ከላይ፣ ስም ከሚጻፍበት ፊት ሥር፣ በስስ ቀለም ብቻ ተሸፍኖ ነው። በእስክሪብቶ ተጭኖ «የእሙዬ ሠርግ» ብሎ መጻፍ ከሥር ካለው ጭረት ይብሳል። በዲቪዲ ግን መረጃው እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር በሆኑ ሁለት ንብርብሮች መካከል ስለሆነ የተሻለ ጥበቃ አለው።

በነጠላ ጫፍ ክብ እያዞሩ መጥረግም ልማድ ነው። ማጫወቻው የሚያነበው ዙሪያውን ስለሆነ፣ ዙሪያውን የሄደ ጭረት ብዙ ተከታታይ መረጃ ይጋርዳል፤ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሄደ ግን በእያንዳንዱ ዙር ቅንጣት ብቻ ስለሚነካ ማረሚያው ይሸፍነዋል። ለስላሳ ጨርቅ በውኃ አርጥቦ ከመሐል ወደ ውጭ በቀጥታ መጥረግ ነው። የጥርስ ሳሙና ከሥር ያለችን ቀላል ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል፤ በላይኛው ፊት ላይ ግን በፍጹም። ቤት የተጻፈ ዲስክ መረጃውን የያዘው በቀለም ስለሆነ፣ የባሕር ዳር ፀሐይ ቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ከሆነ ቡፌው ራሱ ጠላቱ ነው።

ትሪው አልወጣም ካለ ፊቱን በቢላ መፈልቀቅ አይገባም፤ ሊኑክስ ዲስኩን ከፍቶ ሲይዝ ቁልፉን ይዘጋዋል። «ኢጀክት» ብለው ይጻፉ። ያም ካልሆነ ከዩኤስቢው ነቅለው፣ ፊቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ የተዘረጋ የወረቀት አግራፍ አስገብተው ገፋ ያድርጉት።

«አንዴ ኤረር ካለ በቃ»

በቪሲዲ ያለውን ከላይ አይተናል። ጭረት ያለበት ዲቪዲ ከሆነ «ጂዲዲሬስኪው» የሚባለውን ጥቅል ይጫኑ፤ ትእዛዙ ግን ያለ መጀመሪያው «ጂ» «ዲዲሬስኪው» ነው። ቀጥሎ ሰረዝ «ኤን»፣ ሰረዝ «ቢ» 2048፣ «ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስአር0»፣ የቅጂው ስም፣ በመጨረሻም የካርታ ፋይሉ ስም ይገባል፤ ሁሉም በክፍት ቦታ ይለያያሉ። ለባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ያዘጋጁ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ደኅናውን ቦታ ሁሉ ይለቅማል፣ የከበደውን በካርታው ላይ መዝግቦ ያልፈዋል። በሁለተኛው ዙር ሰረዝ «ኤን»ን አውጥተው በምትኩ ሰረዝ «አር» 3 ያስገቡ፤ ያለፈውን ብቻ ሦስት ጊዜ ይሞክራል። አሁንም ጉድለት ከቀረ፣ ካርታውን ሳያጠፉ የጎረቤት ማጫወቻ ተውሰው ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙ፤ አንዱ ሌንስ ያቃተውን ክፍልፋይ ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ካርታውም የጎደለው የት እንደሆነ ያውቃል።