የቅዳሜ ጠዋት የተማሪዎች ግጥሚያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዙሪያ ባሉ የአፈር ሜዳዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤታቸው ስም እግር ኳስ ይጋጠማሉ። ከሜዳው ዳር ከሚነገሩት ነገሮች አንዳንዶቹ ግን ስህተት ከመሆናቸውም በላይ ልጆቹን ከጨዋታው ያርቃሉ።

«አንዴ የወጣ ተጫዋች አይመለስም» የሚባለው በአዋቂዎች ውድድር የሚሠራ ደንብ ነው። የጨዋታው ዓለም አቀፍ ሕግ የአገሩ ፌዴሬሽን እስከተስማማ ድረስ በታዳጊዎች ግጥሚያ የወጣ ልጅ ተመልሶ እንዲገባ ይፈቅዳል፤ የሜዳው ስፋት፣ የጎሉ መጠንና የጨዋታው ርዝመትም ከዕድሜያቸው ጋር እንዲስማማ ሊቀነስ ይችላል። ይህ ባለመታወቁ፣ የታላቅ ወንድሙን ታኬታ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ አድርጎ የመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ መለያውን እንደለበሰ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጨዋታው ያልቅበታል። ለእኔ ከሽንፈት ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው።

«ትልቅ ኳስ ያጠነክራቸዋል» የሚሉም አሉ። ቁጥር 5 ኳስ ከ410 እስከ 450 ግራም ሲመዝን፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው ቁጥር 4 ግን ከ350 እስከ 390 ግራም ነው። ልጁ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ኳስ ለማራቅ ሲል አመታቱን ያበላሻል እንጂ አይጠነክርም። ቴስታን በተመለከተ ደግሞ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአንደኛ ደረጃ ልጆች በልምምድ ላይ ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ ወስኗል፤ እኛ ዘንድ ግን ኳሷን ሸሽቶ አንገቱን የሰበረ ልጅ «ፈሪ!» ተብሎ ይጮህበታል።

ከሁሉም በላይ ጠብ የሚያስነሣው «ረጅሙ ልጅ ዕድሜውን ደብቋል» የሚለው ነው። ዕድሜ የሚደብቅ መኖሩ አይካድም፤ ቁመት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። የጉርምስና ዕድገት አንዱ ጋ በ11 ሌላው ጋ በ14 ዓመት ሊጀምር ይችላል፤ ሴቶች ልጆች ደግሞ በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ ይቀድማሉ። በዚያ ላይ መስከረም የተወለደና ነሐሴ የተወለደ ልጅ በአንድ ዓመተ ምሕረት ቢመዘገቡም በመካከላቸው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አለ፤ በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ይህ ብዙ ነው። ጥርጣሬ ካለ የልደት ካርዱ ከግጥሚያው በፊት በመምህራን መካከል ይታያል እንጂ፣ ልጁ በጓደኞቹ ፊት መሐል ሜዳ ላይ አይመረመርም።

«በረኛ የሚሆነው መሮጥ የማይችለው ነው» ማለትም ጊዜው አልፎበታል። ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረኛ የቡድን ጓደኛው አስቦ በእግሩ የመለሰለትን ኳስ በእጅ መያዝ ስለማይችል፣ ኳስ ማቀበል ከሁሉም እኩል መማር አለበት።

ሴት ልጆችን ከዳር የሚያስቀምጡ ደግሞ ጉልበት እንደሚያንሳቸው ይናገራሉ፤ ከጉርምስና በፊት ግን ልዩነቱ ጥቂት ነው። ዱራሜ ተወልዳ በማልታው ቢርኪርካራ ክለብ እስከመጫወት የደረሰችው ሎዛ አበራም በልጅነቷ ኳስ የሚያቀብላት ሰው ሳያስፈልጋት አልቀረም።

በመጨረሻም «አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ውኃ አያስፈልግም» ይባላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሩ ደረቅ በሚሆንበት በበጋ ላቡ ሳይታይ ይተናል፤ ፀሐይዋም ከቆላው ይልቅ ቆዳን በቶሎ ታቃጥላለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ኮዳውን ይዞ ይምጣ፤ ዳኛውም የእረፍት ሰዓት እስኪደርስ ሳይጠብቅ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው ፊሽካ ነፍቶ ውኃ ያጠጣቸው።