ናልባንዲያን፦ የአንድ አርመናዊ የቤተሰብ ስም አመጣጥና ስርጭት

ናልባንዲያን በአርመናውያን ዘንድ በስፋት ከሚገኙ የቤተሰብ ስሞች አንዱ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በተለይ ከዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመር ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ስሙ ዛሬ ከአርመንያ ሌላ በሩሲያ፣ በጆርጂያ፣ በሶሪያ፣ በሊባኖስ፣ በፈረንሳይ፣ በአርጀንቲናና በአሜሪካ ይገኛል። ይህን ያህል የተበተነ ስም ከአንድ አያት የወረደ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ናልባንዲያን የሙያ ስም በመሆኑ ሙያው በነበረበት ከተማና የገበያ ስፍራ ሁሉ ለየብቻው የወጣ ስለሆነ፣ ሁለት ናልባንዲያኖች በስም ተገናኙ ማለት በሥጋ ይዛመዳሉ ማለት አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ከሦስት ቋንቋ የተሰፋ ነው። «ናዕል» በዐረብኛ ጫማ፣ በኋላም ከእንስሳ ኮቴ ሥር የሚመታ ብረት ማለት ሲሆን፣ «ባንድ» ደግሞ በፋርስ ቋንቋ ማሰርንና ማያያዝን ያመለክታል። «ናልባንድ» የሚለው ጥምር ቃል ከፋርስ ወደ ኦቶማን ቱርክኛና ወደ አርመንኛ ገብቶ፣ የፈረስን፣ የበቅሎን፣ የአህያንና የበሬን ኮቴ በብረት የሚያለብስ ባለሙያ መጠሪያ ሆነ። መጨረሻ ላይ ያለው «ያን» የአርመንኛ ቅጥያ ሲሆን ወገንነትንና ልጅነትን ይገልጻል፤ ስለዚህ ናልባንዲያን ማለት የዚያ ባለሙያ ልጅ ወይም ከእርሱ ቤት የወጣ ማለት ነው። በአገራችን ፈረስም ሆነ በቅሎ በአብዛኛው ያለ ብረት ስለሚሄድ፣ ሙያው ለአማርኛ አንባቢ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ናልባንዱ የእንስሳውን እግር አንሥቶ በጉልበቱ ወይም በረዳቱ ክንድ ላይ ያሳርፋል፤ የረዘመውን ኮቴ በስለት ይከረክማል፤ ከዚያም ብረቱን ለክቶ በኮቴው ጠርዝ ዙሪያ በሚስማር ይመታዋል። ሚስማሩ ወደ ውጭ አዘንብሎ መግባት አለበት፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ካዘመመ ሥጋ ይነካና እንስሳው ያነክሳል። ጫፉ በኮቴው ግድግዳ ብቅ ሲል ይቆረጥና ይታጠፋል። በአናቶሊያና በመካከለኛው ምሥራቅ የተለመደው ብረት አንድ ወገኑ ክፍት ከሆነው የአውሮፓ ብረት የተለየ ነበር፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳ ብቻ ኖሮት የኮቴውን ሥር ከሞላ ጎደል የሚሸፍን ስስ ሳህን ነው፤ ለድንጋያማ መንገድም የተሻለ ይከላከላል። የበሬ ኮቴ የተሰነጠቀ ስለሆነ ለአንድ እግር ሁለት ብረት ያስፈልጋል፤ በሬው እግሩን አንሥቶ መቆም ስለማይወድም በገመድ ታስሮ ይጣላል። እንስሳ ሲያነክስ ወይም ሲያብጥ የሚጠራውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ሰው ስለነበር፣ ናልባንድ በገጠሩ የእንስሳት ሐኪምነትንም ደርቦ ይሠራ ነበር።

የጭነት እንስሳ በሚያልፍበት ሁሉ እርሱ ይፈለጋል። ከኤርዙሩም ወደ ታብሪዝ፣ ከአናቶሊያ መሃል ከተሞች ወደ ሀሌብ (አሌፖ) እና ወደ ጥቁር ባሕር ወደቦች በሚወስዱት የሲራራ መንገዶች ላይ፣ ነጋዴዎች በሚያድሩባቸው ግቢዎች አጠገብ የናልባንድ ደጃፍ አይጠፋም ነበር። የከተማ ባለሙያዎች እስናፍ በሚባል የሙያ ማኅበር ተደራጅተው፣ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ፣ ቤቱ በሥራው ይታወቅ ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጩንና ሸማኔውን በሙያው መጥራት ስድብ ሆኖ በኖረበት ዘመን፣ በኦቶማን ከተሞች የሚኖረው አርመናዊ የአባቱን ሙያ የቤቱ ስም ማድረጉን እንደ ነውር አላየውም። አዲስ አበባ የምታውቃቸው ሌሎች የአርመን ስሞችም የዚሁ ወገን ናቸው፦ በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ የቀረለት ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በስሙ የልብስ ሰፊ ልጅ ነው፤ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎቹ የቦያጂያን ስምም ከቀለም ነካሪነት ወይም ከቀቢነት የመጣ ነው። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ዳርቢንያን የሚለው ስም ቀጥቃጭን በራሱ በአርመንኛ ቃል ሲጠራ፣ ናልባንዲያን፣ ቴርዚያንና ቦያጂያን ግን ከገበያው ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው፤ ይህም ስሞቹ የተሰጡት አርመናውያን፣ ቱርኮችና ሌሎች አብረው በሚገበያዩበት ስፍራ መሆኑን ያሳያል።

እንዲህ ያለው መጠሪያ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚተላለፍ ስም ሆኖ የጸናው ቀስ በቀስ ነው። የመኳንንት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የዘር ስም ቢኖራቸውም፣ ለተራው ሕዝብ ስሙን ያጸኑት በተለይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝገቦች ናቸው፤ በኦቶማን በኩል የሕዝብና የግብር ቆጠራ፣ በሩሲያ በኩል ደግሞ አስተዳደሩና ቤተ ክርስቲያኑ የያዟቸው መዛግብት። ጸሐፊው በመጣበት ቀን ናልባንድ የነበረው ሰው ልጆቹን ናልባንዲያን አድርጎ አስመዘገበ፤ ልጁ ቄስ ወይም መምህር ቢሆንም ስሙ በዚያው ቀረ።

ከታወቁት የስሙ ባለቤቶች ቀዳሚ የሆነው ጸሐፊው ሚካኤል ናልባንዲያን የተወለደው በ1829 በኖር ናኺቼቫን ነው። ይህች ከተማ ዛሬ በዶን ወንዝ ዳር የሮስቶቭ ከተማ አካል ስትሆን፣ የተቆረቆረችው ዳግማዊት ካትሪን ከክሪሚያ ባስነሣቻቸው አርመናውያን በ1779 ነው። ስለዚህ የዶን ናልባንዲያኖች ስማቸውን ያመጡት ከአናቶሊያ በቀጥታ ሳይሆን በክሪሚያ በኩል፣ ከታታሮች ጋር ከኖሩበት አገር ነው። ሚካኤል የከተማው ማኅበረሰብ የሚጠይቀውን የውርስ ገንዘብ ለማስመለስ እስከ ካልካታ ተጉዟል፤ በ1862 ታስሮ በፒተርስበርግ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ምሽግ ከቆየ በኋላ፣ በግዞት ሳለ በ1866 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ስለ አንዲት ጣሊያናዊት ልጃገረድ የጻፈው ግጥም ለአርመንያ ብሔራዊ መዝሙር ስንኝ መሠረት ሆኗል። በአርመንያ በአርማቪር አውራጃ ያለ አንድ መንደርም በእርሱ ስም ናልባንዲያን ተብሏል።

ወደ ምሥራቅ ያለው ሁለተኛው ክምችት የተፈጠረው ከ1828 እስከ 1830 ባሉት ዓመታት፣ ሩሲያ ከፋርስና ከኦቶማን ጋር ያደረገቻቸው ጦርነቶች ሲያበቁ ነው። በዚያን ጊዜ ከኤርዙሩም አካባቢ ብዙ አርመናውያን ተነሥተው ዛሬ በደቡብ ጆርጂያ በሚገኘው በጃቫኸቲና በሰሜን አርመንያ በግዩምሪ ሰፈሩ። ግዩምሪ እስከ ዛሬ የባለ እጆች ከተማ መባሏን ያየ፣ የሙያ ስሞች በዚያ መብዛታቸው አይገርመውም። በሎሪ አውራጃ የሚገኘው ሺራካሙት የተባለው መንደር የቀድሞ ስሙ ናልባንድ ነበር፤ በታኅሣሥ 1988 ሰሜን አርመንያን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬቱን ከሰነጠቀባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው። በሶቪየት ባንዲራ ሥር በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ በትግል ወርቅ ያገኘው ሱሬን ናልባንድያንና ከ2008 እስከ 2018 የአርመንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ኤድዋርድ ናልባንድያን ስሙን በዚህ ወገን አሳውቀዋል።

ስሙን ከአገሩ አውጥቶ በዓለም የበተነው ግን በኦቶማን ግዛት በአርመናውያን ላይ የደረሰው የ1915 እልቂት ነው። የምዕራብ አርመን ናልባንዲያኖች ይኖሩባቸው ከነበሩት ከተሞች መካከል፣ ዛሬ ጋዚያንቴፕ የምትባለውና በእጅ ባለሙያዎቿ የታወቀችው አይንታብ ትገኛለች። የአይንታብ አርመናውያን በ1915 ወደ ሶሪያ በረሃ ተነዱ፤ ከሞት የተረፉት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ከተማቸው ቢመለሱም፣ ፈረንሳይ በ1921 አካባቢውን ለቱርክ ስታስረክብ ዳግመኛና ለዘለቄታው ወጡ። የመጀመሪያ ማረፊያቸው በደቡብ አቅራቢያ ያለችው ሀሌብ ሆነች፤ ከዚያ አንዳንዱ ወደ ቤይሩት፣ አንዳንዱ ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ ግብፅ ቀጠለ።

ስሙ ወደ ኢትዮጵያ የገባውም በዚሁ መንገድ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አውሮፓ ሲያቀኑ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የሙዚቃ ጓድ አዩ፤ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረውም አርባዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶች በዚያው ዓመት በክረምቱ መጨረሻ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ የሙዚቃ መሪያቸው የአይንታብ ተወላጅ የሆነው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከ1930ው የንግሥ በዓል ጀምሮ እስከ ንጉሣዊው ሥርዓት ማብቂያ ያገለገለውን «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የተሰኘውን መዝሙር ዜማ ያወጣው እርሱ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የአርመንያ መዝሙር ስንኝ ከአንዱ ናልባንዲያን፣ የኢትዮጵያ መዝሙር ዜማ ከሌላው መገኘቱ ሰዎቹን ዘመድ አድርጎ ለማሰብ ይጋብዛል። ይሁን እንጂ የአንዱ ወገን ከክሪሚያ ወደ ዶን የተሻገረ፣ የሌላው የአይንታብ ነው፤ ከስሙ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ ስሙ ደግሞ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 አይንታብ ተወልዶ በሀሌብ ያደገ ሲሆን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ አጎቱን ተከትሎ መጣ። የማዘጋጃ ቤትን የሙዚቃ ጓድና ቆይቶም በ1955 የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራ አሠልጥኗል፤ የአገር ቤት ዜማዎችን ለነሐስ መሣሪያዎች እያቀናበረ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም እያስተማረ እስከ ዕረፍቱ እስከ 1977 በዚሁ አገር ኖረ። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማንሣት ይገባል። የእኛ ልማድ ከስም ቀጥሎ የአባትን ስም መጥራት ስለሆነ፣ ሁለቱን ሰዎች የአንድ «አቶ ናልባንዲያን» ልጆች፣ ማለትም ወንድማማቾች አድርጎ የሚያስብ አይጠፋም፤ ነገር ግን ናልባንዲያን የማንኛቸውም አባት ስም አይደለም። በዘመኑ አዲስ አበባ ለፈረንጅና ለአርመን ሁሉ በሚሰጠው ማክበሪያ ነርሲስ «ሙሴ ነርሲስ» ይባል ስለነበር፣ የቤተሰብ ስሙ በአፍ ሳይሆን በይበልጥ በወረቀት ላይ የሚገኝ ሆኖ ቆይቷል። ከ1974ቱ አብዮትና ከንብረት መወረሱ በኋላ የአዲስ አበባ አርመናውያን አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደዋል።

ወደ አሜሪካ አህጉር የተደረገው ጉዞ በሁለት አቅጣጫ የተከፈለ ነበር። በማሳቹሴትስና በካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ከጦርነቱ በፊት የተጀመሩ የአርመን ሰፈሮች ነበሩ፤ በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ሲያጠብ ግን ብዙዎች ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ኡራጓይና ወደ ብራዚል አቀኑ። በኮርዶባ አውራጃ በኡንኪዮ በ1982 የተወለደው የሜዳ ቴኒስ ተጫዋች ዴቪድ ናልባንዲያን የዚህ ፍልሰት የልጅ ልጅ ነው። በ2002 የዊምብልደን ፍጻሜ ደርሶ በሌይተን ሂዊት ተሸንፏል፤ በ2005 ደግሞ ሻንጋይ ላይ ከሮጀር ፌደረር ጋር ባደረገው የማስተርስ ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ዙር ከተመራ በኋላ አምስተኛውን አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስሙን የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ የሰማው በእርሱ ነው።

ኋላ የመጡት ፍልሰቶች ቀድሞ የተለያዩትን ወገኖች ቀላቀሏቸው። ከ1946 እስከ 1948 ከሊባኖስ፣ ከሶሪያ፣ ከግሪክ፣ ከፈረንሳይና ከሌሎችም አገሮች ወደ 90,000 የሚጠጉ አርመናውያን ወደ ሶቪየት አርመንያ ሲገቡ የምዕራቡ ናልባንዲያኖች ከምሥራቆቹ ጋር ጎረቤት ሆኑ። ከ1975 በኋላ የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በ1979 የኢራን አብዮት፣ በመጨረሻም የሶቪየት ኅብረት መፍረስ ብዙዎችን ወደ ሎስ አንጀለስና ወደ አጠገቧ ግሌንዴል፣ እንዲሁም ወደ ሩሲያ ከተሞች አሻገረ። በመሆኑም በአንድ የግሌንዴል መንገድ የአይንታብ፣ የግዩምሪና የኢራን ናልባንዲያን አብረው ቢገኙ አያስደንቅም። የአጻጻፉ ልዩነት መነሻቸውን በጥቂቱ ይጠቁማል፤ በሶቪየት ዘመን ከተሻሻለው ፊደልና ከሩሲያኛ የመጣው ቅርጽ ናልባንድያን፣ ከሀሌብ፣ ከቤይሩትና ከፈረንሳይ የመጣው ናልባንዲያን መባሉ ያመዝናል።

ተቀጥያው የተለወጠባቸውም አሉ። በሩሲያ ግዛት ናልባንዶቭ የተባሉ ነበሩ። በቱርክ የ1934ቱ የቤተሰብ ስም ሕግና ማስፈጸሚያ ደንቡ በ«ያን»፣ በ«ኦፍ»፣ በ«ፑሎስ» እና በመሳሰሉት የሚያበቁ አዳዲስ ስሞችን ስለከለከለ፣ በዚያ ከቀሩት አርመናውያን መካከል ናልባንት ወይም ናልባንቶግሉ መባልን የመረጡ ነበሩ። ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ ናልባንቶግሉ የተባለ ሁሉ አርመናዊ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሙያው የቱርኮችም፣ የግሪኮችም፣ የቡልጋሮችም ስለነበር፣ በግሪክ ናልባንቲስ፣ በቡልጋሪያ ናልባንቶቭ የሚባሉት ስሞች ከዚያው ቃል በየራሳቸው መንገድ የወጡ ናቸው። የቤተሰቡን መነሻ የሚያጠና ሰው ከስሙ የሚያገኘው የቅድመ አያትን ሥራ ብቻ ነው፤ ዝርያውን ለማግኘት መጀመሪያ የከተማውን ስም፣ ከዚያም የዚያን ከተማ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ መያዝ ይኖርበታል።