ካፓሲቲ ፋክተር ምንድን ነው?

የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ዓመታዊ ምርት በማመንጨት አቅሙ ሲሰላ 35 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህን ቁጥር ይዘው ግድቡ በ35 በመቶ ብቃት ብቻ ይሠራል፣ ከተርባይኖቹም ሁለት ሦስተኛው ያለ ፋይዳ የተገዛ ነው የሚሉ አስተያየቶች በየጊዜው ይወጣሉ፤ ሰሞኑንም አንድ ተንታኝ ይህንኑ እንደ አዲስ ግኝት አቅርቦት አነበብሁ። ስሌቱ ትክክል ነው። ድምዳሜው ግን ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ነገሮችን አንድ ስላደረገ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ካፓሲቲ ፋክተር፣ ማለትም የአቅም አጠቃቀም ምጣኔ፣ አንድ ጣቢያ በዓመት ያመነጨው ኃይል፣ ሌትም ቀንም በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ኖሮ ሊያመነጭ ከሚችለው ውስጥ ስንት በመቶ እንደሆነ ያሳያል። የግድቡ አቅም 5,150 ሜጋ ዋት፣ ዓመቱ ደግሞ 8,760 ሰዓት በመሆኑ ጣሪያው 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ የሚጠበቀው አማካይ ዓመታዊ ምርት 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ብቃት ግን በተርባይኑ ካለፈው ውሃ ጉልበት ምን ያህሉ ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ የሚለው ሲሆን፣ ዘመናዊ የውሃ ተርባይን ከነጄኔሬተሩ 90 በመቶ አካባቢ ይደርሳል።

ነገሩን በወፍጮ ቤት ማየት ይቻላል። ከአንድ ኩንታል ስንዴ ስንት ኪሎ ዱቄት ወጣ የሚለው ብቃት ነው፤ ወፍጮው በዓመት መፍጨት ከሚችለው ምን ያህሉን ፈጨ የሚለው ካፓሲቲ ፋክተር ነው። በዓመት የሚመጣው እህል የታወቀ ከሆነ፣ ባለቤቱ ሁለተኛ ወፍጮ ሲተክል የእያንዳንዳቸው የሥራ ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል እንጂ እህሉ አይባክንም፤ በበዓል ሰሞን ሰልፉ ሲረዝም ግን በእጥፍ ፍጥነት ይፈጫል። ባለ ግድብ ጣቢያ ጎተራ ያለው ወፍጮ ቤት ነው። ነፋስና ፀሐይ ደግሞ እህሉ በመጣበት ሰዓት ካልተፈጨ የሚጠፋበት፣ ጎተራ የሌለው ወፍጮ ቤት ናቸው።

የሕዳሴው ግድብ እህል የዓባይ ውሃ ነው፤ በዓመት በአማካይ ወደ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል፣ አብዛኛውም የሚመጣው በክረምትና በክረምቱ ማግስት ነው። ይህ ውሃ 130 ሜትር ያህል ሲወርድ ከሚሰጠው ጉልበት የሚገኘው ኤሌክትሪክ ከላይ ለጠቀስሁት አማካይ ምርት ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ዓመታዊውን ምርት በዋናነት የሚወስነው ውሃው ነው። ከተርባይኖቹ ግማሹ ባይተከል ኖሮ ካፓሲቲ ፋክተሩ ወደ 70 በመቶ ይጠጋ ነበር፤ ተንታኙም ምናልባት ያመሰግን ነበር። አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓት ግን አትጨመርም፤ የምትጠፋው የእንጀራው ምጣድና የከተማው መብራት ሁሉ በአንድነት በሚበራበት ሰዓት በብዛት የማመንጨት ችሎታ ናት። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሐይቅ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ሌላው ስህተት የማመንጨት አቅምን ብቻ ደምሮ ዕድገትን መለካት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 585 ጊጋ ዋት የሚሆን አዲስ የታዳሽ ኃይል አቅም ተተክሏል፤ ከዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሆነው የፀሐይ ኃይል ነው። ዕድገቱ እውነተኛና የሚያስደስት ነው። ይሁንና ማታ ማታ ዝም የሚል የፀሐይ ጣቢያ ካፓሲቲ ፋክተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ግን 80 በመቶንም ሊያልፍ ይችላል። በኬንያ የእንፋሎት ጣቢያዎች ከአገሪቱ የማመንጨት አቅም ከሦስተኛ በታች ሆነው ከኤሌክትሪኩ ከ40 በመቶ በላይ የሚሰጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ቁጥሩን ለሚጠቀም ሁሉ ጥቂት ጥንቃቄዎች ልጨምር። የአንድ ወር ካፓሲቲ ፋክተር ስለ ጣቢያው ብዙም አይናገርም፤ የአንድ ድርቅ ዓመትም እንዲሁ። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ኃይሉን የሚወስድ የማስተላለፊያ መስመር ወይም ፈላጊ ስለጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ያለው ከጣቢያው አጥር ውጭ ነው። አዳማ ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት ሆነው እንደተተከሉት ያሉ የነፋስ ጣቢያዎች ደግሞ ጥሩ ነፋስ የሚያገኙት ወንዞች በሚጎድሉበት በበጋ ነው። በእነዚያ ወራት ግድቦቹ ተርባይኖቻቸውን ቀንሰው ውሃቸውን ሊይዙ ይችላሉ፤ የወሩ ካፓሲቲ ፋክተራቸው ይወርዳል፣ ለሌላ ቀን የሚሆነው ውሃ ግን ሐይቁ ውስጥ ይቆያል።